ር የሌለበት ሰፈር

ባጃጁ ቆመልኝ ከምድር ባቡር በር፣
ሹፌሩ ጉንጩ ሞልቶ፣ ፀሐይዋ እንደ ጦር።
"ወዴት ነሽ አቦ?" አለኝ።
ቀፊራ ነበር ልቤ የቆረጠው፤
አፌ ግን አንዲት ፊደል ፈርቶ አስቀረው።
"ደቻቱ" አልኩት።

ደቻቱ ላይ ር የለም።
መጋላ ላይ የለም። ሳቢያን ላይ የለም።
ወርጄ፣ ድልድዩን ትቼ፣ በደረቁ ወንዝ ገባሁ፤
ላንዲት ፊደል ብዬ ያን ሁሉ አሸዋ በጫማዬ ዛቅሁ።
ሰፈር የሚለው ቃል ራሱ ጫፉ ላይ ይዟታል፤
ታዲያ የት ይሸሿታል?

አሥራ አንድ ዓመቴ ነው ከወጣሁ።
ሊድስ፣ ዝናቡ ሰዓት በማያውቅበት ከተማ፣
የታክሲ ቢሮ ውስጥ ሌሊት ስልክ አነሳለሁ።
የመጣሁ ሰሞን ካፌ ገብቼ "ዎተር" ብል፣
ምላሴን አንቀጥቅጬ፣ እንደ ደንቡ፣
ልጅቷ ዞራ ጓደኛዋን አየች።
ውሃው እዚያው ነበር፣ ከመስታወቱ ጀርባ፣ ላብ አውጥቶ።
በጣቴ አሳየኋት።
በዓመቱ "ዎታ" አልኩ፤
በረዶ ጨምረው ሰጡኝ።

ስልኩ ላይ ደግሞ፣ "ምን? ምን አልሽ? ድገሚው።"
አንዱ ሰካራም፣ "እዚያ ቤት ሰው የለም? ሰው አገናኚኝ" አለኝ።
ሰው ነበርኩ፣ ወላሂ።
ቤቴ ገብቼ፣ ማንቆርቆሪያው እስኪፈላ፣
ለማንቆርቆሪያው ታክሲ ላክሁለት፤
መንገዱን፣ ቁጥሩን፣ "አምስት ደቂቃ ይጠብቁ" ማለቱን፣
እስኪለሰልስ ድረስ።
ከውሰር ነበር ስሜ። ጫፉ ተቆርጦ ወደቀ፣
ካውሳ ሆንኩ።
የደመወዝ ወረቀቴ ላይ ብቻ ሙሉ ነኝ።

አሁን መጣሁ፤ ምላሴ ግን አልመጣም።
ሻንጣ ቢጠፋ የሚጠየቅ መስኮት አለ፤
ለፊደል የቆመ መስኮት የለም።
እህቴ ሙንተሃ፣ "ፈረንጅ ሆንሽብን!" ብላ ሳቀች።
ዘይቱን ሻጯ አልሳቀችም፤
ዋጋውን እጥፍ አድርጋ ጠራችልኝ።

አባቴም አልሳቀም።
እሱ ሠላሳ ዓመት ከዚራ ላይ ቲኬት ቆርጧል፣
ከዚያች ክብ ቀዳዳ ጀርባ ተቀምጦ።
አለቃው ሙሴ ሮላን የሚባል ነበር፤
ር ሲል ከጉሮሮው ጥልቅ የሚጎትት።
አባቴ ለመደበት፣ መጀመሪያ ለሥራው፣
ኋላ ሳያውቀው ይዟት ቤት ገባ።
ከዚራን "ከዚኻ"፣
በርበሬን "በኽበኼ"።
የሰፈር ልጆች "የዓሣ አጥንት ተሰንቅሮበት!" እያሉ
ከኋላው ይሮጡ ነበር።
ከልጆቹ መሃል እኔም ነበርኩ። ይህን አልነገርኩትም።

ባሕር አልተሻገረም አባቴ።
ሌላው አገር ነው በሐዲድ መጥቶ
አፉ ውስጥ የወረደ።

ማታ፣ ሙቀቱ ከቤት ሲያስወጣን፣ አልጋ ግቢ ዘርግተን፣
"ሙሴ ሮላን ሄደ፣ ባቡሩም ሄደ" አልኩት፤
"ያንተዋ ለምን ቀረች?"
ዝም አለ። ትራሱን ገለበጠ፣ በቀዝቃዛው በኩል።
"ሞክኼ ነበኽ" አለኝ።
"በኻሴ የማሾፍ መሰለኝ።"

የሙንተሃ ልጅ ሂባ፣ ሦስት ዓመቷ ነው፣ አልተኛችም።
ር ገና አልደረሰላትም፤ ድሬን "ድሌ" ትላለች።
አያቷ "በይ፣ ድኼ" ይላታል።
"ድሌ።"
"ድኼ።"
ወደ እኔ ዞረች፣ እንድዳኛቸው።
ከአፌ የወጣውን ግማሹን አየር ወሰደው፤
እሷ ግን አጨበጨበችልኝ።

ሙንተሃ ከውስጥ "በሩን ዝጉት፣ ትንኝ ገባ!" ብላ ጮኸች፣
ር ምላሷ ላይ እንደ ስፌት መኪና እየተንደረደረች።
ማናችንም አልተነሳን።

ነገ ባጃጅ አስቆማለሁ።
ቀፊራ እለዋለሁ፣ እንደመጣልኝ።
ካልገባው፣
ሁለቴ ይጠይቀኝ።